የሚጣበቀው ሕዋስ፤ ከፎገራ ንዳድ እስከ ሰው ሠራሽ ሕዋስ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፤ ለመታሰቢያው መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተነገረን ጊዜ፤ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ታሪክ ለመጻፍ መረጡ። እኔ ግን ታሪክ ማለት የነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም ብዬ ስለማምን፤ በዓይን ስለማይታይ አንድ ትንሽ ነገር ለመጻፍ አሰብኩ። ይኸውም የሰውነታችን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጣበቁ፤ ሊቃውንትም ይህን ለማወቅ ሲሉ ሕዋስን የሚመስል ነገር በእጃቸው እንዴት እንደ ሠሩ የሚናገር ታሪክ ነው። ይህ ነገር ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ቢኖር፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያንብብልኝ። ይህን ታሪክ እንድፈልግ ያደረጉኝ በዚሁ ሜዳ ላይ የተወለዱት አያቴ ናቸውና። የአገራችንን ነገር በራሳችን ዘመን አቆጣጠር፤ የውጭ አገሩን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

የአያቴ ጥያቄ

አያቴ ያደጉት ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። በ1951 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ባለፈ በጥቂት ቀን፤ እርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፤ ንዳድ በቤታቸው ገባ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እርሳቸውና የአሥር ዓመት ወንድማቸው በአንድ መደብ ላይ ተኙ። ሁለቱም በብርድ ተንቀጠቀጡ፤ ሁለቱም እንደ እሳት ተቃጠሉ፤ ሁለቱም በላብ ታጠቡ። አያቴ ከብዙ ቀን በኋላ ተነሥተው አጥሚት ጠጡ። ወንድማቸው ግን በሦስተኛው ቀን አንደበቱ ተዘጋ፤ ዓይኑ ተገልጦ ሳለ እናቱን አላወቃትም፤ ሰውነቱም ይንፈራገጥ ጀመር፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ «ይህስ ንዳድ አይደለም፤ መንፈስ ይዞት ነው» አለ። እናታቸውም «የተሳልኩትን ስለት ሳላስገባ ስለ ቀረሁ ነው» እያሉ እስኪሞቱ ድረስ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖሩ።

አያቴ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጨርሳሉ። «ልጄ፤ ቤቱ አንድ፤ መደቡ አንድ፤ ንዳዱ አንድ። እኔን ለቆኝ እሱን የወሰደው ለምንድን ነው?» ይላሉ። ትልልቆቹም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለው ዝም ይሉ ነበር። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩ ስለሆንኩ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አልክድም። ነገር ግን መምህራችን ፈጣሪ አእምሮን የሰጠን እንድንመረምርበት ጭምር ነው እያሉ ያስተምሩን ስለ ነበር፤ ጥያቄውን ይዤው አደግሁ።

ንዳድ በጣና ዙሪያ

ፎገራ ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ከተማችን ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ናት። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ወርደው በሜዳው አልፈው ጣና ይገባሉ። ክረምት በሆነ ጊዜ ከመውረጃቸው እየወጡ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ይህ ውኃ የአገራችን በረከት ነው። ስመ ጥር የሆነው የፎገራ ከብት የሚሰማራበትን ሣር የሚያበቅለው እርሱ ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህም አካባቢያችንን የሩዝ አገር ያሰኘው ይኸው ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ሲወጣና ጎርፉ ሲሸሽ በየጉድጓዱና በየከብቱ ኮቴ ውስጥ ፀሐይ የሚያሞቀው ጥቂት ውኃ ይቀራል። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለው ውኃ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ንዳድ በአገራችን የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው።

ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህን ያህል ከፍታ ወባ እንደ በረሃው አገር ዓመቱን ሁሉ አይኖርም፤ አንድ ዓመት ጥቂት ይታያል፤ አንድ ዓመት ይጠፋል፤ ከዚያም ሙቀቱና ዝናቡ የተመቸው ጊዜ በድንገት ይነሣል። ሕዝቡም በሽታውን ደጋግሞ ስላልለመደው ሰውነቱ መከላከያ አላበጀም፤ ስለዚህ ሲመጣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። በሚቀጥለውም ዓመት በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ሥሩ ይኸው ኮሌጅ ነው። ነገር ግን ትልቁ መከራ ገና ወደ ፊት ነበር። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ዝናቡና ሙቀቱ ከተለመደው አልፎ ስለ ነበር፤ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ሁሉ ተዛመተ። ወረርሽኙ የሸፈነው መሬት 250,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነበር። በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች እንደ ገመቱት፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው ሞተ። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ሠራተኞቹ በየመንደሩ እየዞሩ በቤቶች ግድግዳ ላይ ዲ.ዲ.ቲ. መርጨት ያዙ።

እስቲ ይህን ቁጥር እንመልከተው። ከ3 ሚሊዮን 150,000 ማለት ከ20 በሽተኞች 1 ሞተ፤ 19ኙ ተረፉ ማለት ነው። እንግዲህ የአያቴ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓመት በጣና ዙሪያ በብዙ ሺሕ ቤቶች የተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

ሊቃውንት በማይክሮስኮፕ ያዩት

አልፎንስ ላቬራን የተባሉት ፈረንሳዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1880 በአልጀሪያ ቆንስጣንጢን በተባለች ከተማ የአንድ በሽተኛ ወታደር ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ነገር አገኙ። ይህም የወባ ተውሳክ ነው። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኙት። በዚህ ዓይነት ሰዎች ለብዙ ዘመን «መጥፎ አየር ነው» ሲሉት የነበረው በሽታ ምንጩና መንገዱ ታወቀ።

ለአያቴ ጥያቄ ግን ወደ መልሱ የቀረቡት በሮም ከተማ የነበሩት ማርኪያፋቫና ቢኛሚ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1890ዎቹ ዓመታት አእምሯቸውን ስተው የሞቱትን የወባ በሽተኞች አንጎል ሲመረምሩ፤ በአንጎሉ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተውሳክ በያዙ ቀይ የደም ሕዋሳት ታጭቀው አገኟቸው። በጣም የሚያስገርመው ከእንደዚህ ያለ በሽተኛ ጣት ደም ተወስዶ ቢታይ ያደገው ተውሳክ አይገኝበትም፤ የሚታየው ገና ትንሽ የሆነው ብቻ ነው። ታዲያ ያደገው ወዴት ሄደ? ከደሙ ጋር መዞሩን ትቶ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ቀርቷል። ለምን እንደ ቀረ ግን ገና የሚመለስ ጥያቄ ነበር።

ይህን የሚያደርገው በአገራችን ከሚገኙት ሁለት ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች መካከል ፋልሲፓረም የተባለው ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሁለተኛው ያንቀጠቅጣል፤ ተመላልሶም ይይዛል፤ ነገር ግን በአንጎል ሥሮች ውስጥ እንዲህ አይታጨቅም።

ጭጎጎት የለበሰ ደም

የፋልሲፓረም ተውሳክ በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚቆየው 48 ሰዓት ያህል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕዋሱ እንደ ወትሮው ከደሙ ጋር ይዞራል። ተውሳኩ ሲያድግ ግን ሕዋሱ ይደነድናል፤ ቅርጹም ይለወጣል። በሰውነታችን ውስጥ ደግሞ እንደዚህ ያለውን የተበላሸ ሕዋስ የሚይዝ አንድ ኬላ አለ፤ እርሱም ጣፊያ ነው። ደም በጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ ጤነኛው ሕዋስ ተጣጥፎ ያልፋል፤ የደነደነው ግን ተይዞ ይቀራል። እንግዲህ ተውሳኩ ከኬላው ለማምለጥ ያለው ብልሃት አንድ ነው፤ ወደ ኬላው አለመድረስ። ርብ ሞልቶ ሲወርድ የዛፍ ግንድ ከዳር ሥር ይዞ እንደሚቀር፤ ተውሳክ የያዘውም ሕዋስ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሉስና ሚለር የተባሉት ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፤ ተውሳክ የያዘው ቀይ ሕዋስ ገላው በጥቃቅን እብጠቶች እንደ ተሸፈነና የሥሩን ግድግዳ የሚነካውም በእነዚህ እብጠቶች እንደ ሆነ አዩ። እኛ ልጆች ከብት ጠብቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልብሳችን ላይ ጭጎጎት ተጣብቆ እንደሚገኝ ሁሉ፤ ይህም ሕዋስ ጭጎጎት የለበሰ ያህል ነው።

በ1976 ትሬገርና ጄንሰን በኒው ዮርክ ተውሳኩን በሰው ደም ውስጥ በብልቃጥ ማራባት ቻሉ። ከዚህ በኋላ ምርምሩ የግድ ከሞተ ሰው አንጎል መጀመሩ ቀረ። በ1981 ናይጄሪያዊው ኢሮካ ኡደይኒያና ባልደረቦቻቸው ከሰው የደም ሥር የተወሰዱትን የግድግዳ ሕዋሳት በሳሕን ላይ አሳድገው፤ ተውሳክ የያዘ ደም አፈሰሱባቸው። የታመመው ሕዋስ ተጣበቀ፤ ጤነኛው ታጥቦ ሄደ። መጣበቁ ተረጋገጠ።

ሆኖም አንድ ችግር ቀረ። የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ በገላው ላይ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለው። የታመመውን ሕዋስ የያዘው ከእነዚህ መካከል የትኛው ነው? አንድ ሰው ወጥ በልቶ ቢታመም፤ ያሳመመው በርበሬው ይሁን ቅቤው ይሁን ሥጋው ከድስቱ ውስጥ ሊለየው አይችልም። ለመለየት የፈለገ እያንዳንዱን ለብቻው መቅመስ አለበት። ሊቃውንትም እንዲሁ አደረጉ። አንድ ፕሮቲን ብቻ ያለው፤ ሌላው ሁሉ የተተወለት፤ ሕዋስ የሚመስል ነገር መሥራት አስፈለጋቸው።

ሕዋስን በእጅ መሥራት

ሕዋሳት መጣበቃቸው በሽታ ብቻ አይደለም። ባይጣበቁ ኖሮ ሰውነታችን እንደ አሸዋ በፈሰሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኤች. ቪ. ዊልሰን የተባሉ አሜሪካዊ መምህር፤ ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ በስስ ጨርቅ ጨምቀው ሕዋሳቱን ለያዩዋቸው። የተለያዩትም ሕዋሳት በውኃ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተፈላልገው ተሰበሰቡና እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ፤ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያዙበትንና ካልሲየም ሲኖር ብቻ የሚሠራውን ፕሮቲን ለይተው ካድሄሪን ብለው ሰየሙት።

ሕዋስን ለመሥራት መጀመሪያ ቆዳውን ማወቅ ያሻል። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሆላንዳውያን ከቀይ የደም ሕዋሳት ስቡን አውጥተው በውኃ ላይ ዘረጉት። የተዘረጋው ስብ የሕዋሳቱን ገላ ሁለት ጊዜ የሚሸፍን ሆነ። ከዚህም የሕዋስ ሽፋን ሁለት ድርብ ስብ ነው ብለው ደመደሙ። ከ1961 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ዶክተር አሌክ ባንገም እንደ እንቁላል አስኳል ካለ ነገር የሚገኘውን ሌሲቲን የተባለ ስብ በውኃ ውስጥ ሲመረምሩ፤ ስቡ ማንም ሳያዝዘው በራሱ እየተጠቀለለ ውኃ የቋጠረች ጥቃቅን ከረጢት እንደሚሆን ተመለከቱ። ይህች ከረጢት ሊፖሶም ተባለች። ሕይወት የላትም፤ ነገር ግን ቆዳዋ የሕዋስ ቆዳ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ሰው ሠራሽ ሕዋስ» የተባለውን አሳብ በ1957 በሥራ የሞከረው ቶማስ ቻንግ የተባለ ተማሪ ነበር። በካናዳ አገር በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሲማር፤ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ኮሎዲዮን በተባለ ነገር ስስ ሽፋን ሠርቶ ከቀይ የደም ሕዋስ የወጣውን ሄሞግሎቢን ከተተበት። የእርሱ ዓላማ የደም ምትክ ማግኘት እንጂ መጣበቅን ማጥናት አልነበረም፤ ነገር ግን ሕዋስን ከክፍሎቹ መሥራት ይቻላል የሚለው መንገድ በእርሱ ተጀመረ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው የፎገራና የደንቢያ ሕዝብ በንዳድ ከማለቁ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ የአያቴን ወንድም ሞትና የማክጊሉን ተማሪ ሥራ የሚያገናኝ ነገር ይኖራል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሃርደን ማኮኔልና ባልደረቦቻቸው ይህን ድርብ ስብ በመስተዋት ላይ መዘርጋትን አሳዩ። እንግዲህ በመስተዋቱ ላይ የሕዋስ ቆዳ አለ፤ በቆዳው ላይ ተመራማሪው የመረጠው አንድ ፕሮቲን ይተከላል፤ ሌላ ምንም የለም። ወጡ አንድ ቅመም ብቻ ኖረው ማለት ነው።

በወራጅ ውኃ ውስጥ መጣበቅ

ነገር ግን ደም የቆመ ውኃ አይደለም፤ ወራጅ ነው። በቆመ ኩሬ ውስጥ የሚይዝ ነገር በወንዝ ውስጥ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ በ1991 ሎውረንስና ስፕሪንገር የተባሉት ተመራማሪዎች ሰው ሠራሹን ሽፋን በጠባብ መፍሰሻ ውስጥ አድርገው፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን በደም ፍጥነት አፈሰሱበት። ሽፋኑ ላይ ሴሌክቲን የተባለው ፕሮቲን ሲኖር ሕዋሳቱ ቀስ እያሉ ተንከባለሉ። አይካም-1 የተባለው ብቻውን ሲኖር ፈሰሱና አለፉ። ሁለቱ አብረው ሲኖሩና ሕዋሳቱም ሲነቃቁ፤ መጀመሪያ ተንከባልለው በኋላ ቆመው ተጣበቁ። ከዚህም አንዱ የሚያዘገይ፤ ሌላው የሚያቆም መሆኑ ታወቀ። ሙሉ ሕዋስ በሙሉ ሕዋስ ላይ ቢፈስስ ኖሮ ይህን ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

በ1996 ደግሞ ዳንኤል ሃመርና ተማሪዎቻቸው ከዚህ አልፈው ሄዱ። ሕዋሱን ራሱን ትተው፤ ሴሌክቲን የሚይዘውን ስኳር በጥቃቅን ዶቃዎች ላይ ቀብተው አፈሰሱ። ዶቃዎቹም እንደ ሕዋስ ተንከባለሉ! ዶቃ ነፍስ የለውም፤ አያስብም፤ አይፈልግም። እንግዲህ መንከባለሉ የሚመጣው ከሕዋሱ ሕይወት ሳይሆን በሁለቱ ገላ መካከል ካለው መያያዝ ነው። እያንዳንዱ መያያዣ ደካማ ነው፤ ፈጥኖ ይያዛል፤ ፈጥኖም ይላቀቃል። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፤ ብዙ ደካሞች ተባብረው ጎርፉን ይቋቋማሉ።

ይኸው ዘዴ ለወባም ዋለ። በ1989 ተውሳክ የያዘውን ቀይ ሕዋስ የሚይዙት ሲዲ36 እና አይካም-1 የተባሉ ፕሮቲኖች እንደ ሆኑ ታወቀ። በ1994 ኩክና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ፕሮቲኖች ለየብቻ ቀብተው በወራጅ ውኃ ሲሞክሩ፤ የታመመው ቀይ ሕዋስ በአይካም-1 ላይ ሲንከባለል፤ በሲዲ36 ላይ ግን ቀጥ ብሎ ሲቆም አዩት። በ1995 ደግሞ ከሕዋሱ በኩል ያለው መያዣ ታወቀ። ተውሳኩ ለዚህ መያዣ 60 ያህል ጂኖች አሉት፤ አንዱን ሲያውቁበት ሌላውን ይለብሳል። ሰውነት ሁሉንም እስኪያውቅ ድረስ ደጋግሞ መታመም አለበት ማለት ነው። በፎገራ ያለው ሕዝብ መከላከያ ያልነበረው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይገባናል፤ በየጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣን ጠላት ልብሱን ሁሉ አጥንቶ ማወቅ አይቻልምና።

በ2003 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ራሳቸውን ሠሩ። ከላስቲክ በሚመስል ነገር ውስጥ ስፋታቸው 8፤ 6፤ 4 እና 2 ማይክሮሜትር የሆኑ መተላለፊያዎች አበጁ። ማይክሮሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ጤነኛው ቀይ ሕዋስ በጠባቡም ተጣጥፎ አለፈ። ያደገ ተውሳክ የያዘው ግን ደንድኖ በጠባቡ መንገድ ላይ ተሰነቀረ፤ መንገዱም ተዘጋ። በሮም ሐኪሞቹ በሞተ ሰው አንጎል ያዩት ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ማንም ሳይሞት በጠረጴዛ ላይ ታየ።

ጥቅሙና ወሰኑ

አንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ዶቃና መስተዋት በሽተኛን ምን ረባው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የተጣበቀውን የሚያላቅቅ፤ ሐኪሞች ሁሉ የሚሰጡት መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ነገር ግን የመጣበቁ ነገር መታወቁ አንድን መድኃኒት ከሌላው ለመለየት ረድቷል። አርቴሱኔት የተባለው መድኃኒት ተውሳኩን ገና ትንሽ ሳለ፤ ሳይጣበቅ በፊት ይገድለዋል፤ ኪኒን ግን የሚሠራው በአብዛኛው ካደገ በኋላ ነው። በ2010 ውጤቱ በታተመው፤ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በ5,425 በጠና የታመሙ ሕፃናት ላይ በተደረገው ጥናት፤ ኪኒን ከተሰጣቸው ከመቶው 10.9 ሞቱ፤ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው ግን ከመቶው 8.5። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ለሕፃናት ጽኑ ወባ አርቴሱኔት ይቅደም ብሎ ወሰነ። እንደዚሁም በ1996 ፍሪድና ደፊ የተባሉ ተመራማሪዎች በነፍሰ ጡር እናቶች የእንግዴ ልጅ ውስጥ ተውሳኩ የሚጣበቅበትን ነገር ለይተው ስላሳዩ፤ ለእናቶች ክትባት የሚሆን ፍለጋ ከዚያ ተነሥቷል።

በእኛም አካባቢ ሌላ የሚጣበቅ ተውሳክ መጥቶብን ነበር። በ1997 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ብዙ ሰው እየከሳ፤ ሆዱ እያበጠ፤ ትኩሳቱ አልበርድ እያለ ሲሞት፤ መጀመሪያ ሰዎች መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው አሉ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። የካላዛር ተውሳክ ሰውነትን ለመጠበቅ በተፈጠረው ነጭ ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፤ ሕዋሱም ሲውጠው በውስጡ ይራባል። ወባ ከሚመስል በሽታ ወባ ያልሆነውን መለየት የሚቻለው በግምት ሳይሆን በምርመራ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የሰው ሠራሹንም ሕዋስ ወሰን መናገር ይገባል። እንደዚህ ያለ ሞዴል የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ሊቃውንት ለሃያ ዓመት ያህል አይካም-1ንና ሲዲ36ን ሲያጠኑ ከቆዩ በኋላ፤ በ2013 ከጽኑ ወባ ጋር የተያያዘ ኢ.ፒ.ሲ.አር. የተባለ ሌላ ፕሮቲን ተገኘ። በመስተዋቱ ላይ ስላልተቀባ እስከዚያ ድረስ አልታየም ነበር። ስለዚህ ዶቃው ሰውን አይተካም፤ ሐኪሙም የበሽተኛውን አልጋ ትቶ በዶቃው ብቻ አይፈርድም።

ለአያቴ የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ታኅሣሥ ይህን ሁሉ በተቻለኝ መጠን ለአያቴ አስረዳኋቸው። የጭጎጎቱን ነገር ወዲያው ገባቸው። «እርስዎን የያዘዎት ከሁለቱ የትኛው ወባ እንደ ሆነ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም» አልኳቸው። «ነገር ግን የወንድምዎ ሁኔታ በሮም ሐኪሞቹ እንዳዩት ያለ ነው። በአንጎሉ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች በተጣበቀ ደም ተዘግተው ይሆናል። እናቱን ያላወቃት ስለዚህ ነው። መንፈስ አልያዘውም፤ ስለትም አልጎደለም።» አልኳቸው።

አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፤ «እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው ለሁላችንም የሚጠቅም ነው። ተውሳኩ መጣበቅ የሚጀምረው ቀይ ሕዋስ ውስጥ በገባ በአንድ ቀን ገደማ ስለሆነ፤ ልጅ ሲያተኩሰው «እስቲ ነገ እንየው» ብሎ መቆየት አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመር ነው። ሁለተኛው ለተማሪዎች ነው። ዊልሰን ስፖንጅ ሲጨምቁ፤ ባንገም ስብ ሲመረምሩ፤ ቻንግ በመኝታ ክፍሉ ሽፋን ሲሠራ፤ አንዳቸውም ስለ ፎገራ አላሰቡም ነበር። ነገር ግን የሁሉም ሥራ ተያይዞ በአንዲት አሮጊት ልብ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የኖረውን ጥያቄ መለሰ። ዕውቀትም እንደ ሕዋስ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ሲያያዝ ይቆማል። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጡ ተማሪዎች ወደ ፊት ይህን ሥራ በወረታም ሆነ በጎንደር ቢቀጥሉት፤ የዚያ ዘመን ሙታን ከንቱ እንዳልቀሩ ይቆጠራል።